ቡትቶ አይታጠብም

ባንዳር ላምፑንግ
ማርች 9 ቀን 2009

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? የእማማ ወገብስ እንዴት ሆነላት? እኔ ባሕሩን ተሻግሬ የሱማትራን መሬት ረግጫለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከፀሐዩ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ስልክ ብደውል የብረት ድብደባ ያደነቆረው ጆሮዎ አይሰማኝም፤ በጎረቤት በኩል ብልክ ደግሞ ወሬው ቤታችን እስኪደርስ እኔ ሞቼ እቀበራለሁ። ስለዚህ በየደረስኩበት እጽፋለሁ፣ እርስዎም ለእማማ ያነቡላታል።

ደብዳቤዎ ቀድሞኝ እዚህ ደርሶ ጠበቀኝ። ጓደኞቼ ቬስፓውን ሲያዩት ምን አሉ ብለው ጠይቀውኛል። አባባ፣ አይቀየሙኝ፤ ሳቁ። መርከቡ ላይ ከጭነት መኪኖቹ መሀል ሳቆመው አንዱ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «እህቴ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ፣ «ዝም በላት፣ የሚኒስትር ሹፌር ናት» አለ። ባሕሩን እስክንሻገር ድረስ ክቡር ሚኒስትር እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ።

እርስዎ «ቡትቶ» ሲሉን ለስድብ ነው፤ እኛ ግን ራሳችንን የምንጠራው በዚሁ ነው። ቡትቶ ማለት ሰው ከጣለው ተለቃቅሞ የተሠራ ቬስፓ ነው፤ ሞተሩ ከአንዱ፣ ቸርኬው ከሌላው፣ ወንበሩ ከትምህርት ቤት ጓሮ። ዝገቱና የረጋው ዘይት ልብሱ ነው፤ አይታጠብም። ወንድሜ ጊያንቶ በሕይወት ሳለ ያን ሁሉ ዓመት ሲያለብሰው የኖረውን፣ እርስዎ ልጄ ሰው ፊት አትፈር ብለው በመሄጃዬ ዋዜማ አጥበው፣ ቦርሸው፣ የትምህርት ቤቱን በር በቀቡበት አረንጓዴ ቀቡት። ጠዋት ሳየው ያለቀስኩት በደስታ መስሎዎት ነበር። በደስታ አልነበረም። ቆይቶ ግን በዚያ በሚያምዎት ጉልበት ተንበርክከው ሲቦርሹ ታየኝና እጅግ ወደድኩዎት። አሁን ጭቃ ላይ ጭቃ እየጨመርኩበት ነው፤ ቀለሙ ብዙ አይቆይም።

የተባባልነውን አልረሳሁም። ያ የትንኝ ትኩሳት ባይቀድመው ኖሮ ወንድሜ ራሱ ሊደርስበት የነበረውን የአገራችንን መጨረሻ፣ የሳባንግን ጫፍ አይቼለት፣ በሞተ በሺህኛ ቀኑ ለሚደረገው ሰደቃ እመለሳለሁ። «ሌላው ቆርቆሮ ነው፣ የትም ይቅር፤ ሞተሩን ግን ይዘሽ ነይ» ብለውኛል። ይዤ እመጣለሁ።

አንድ ይቅርታ ልጨምር። እዚህ ላገኘኋቸው ሁሉ፣ «ወደ ጃቫ ስትሻገሩ ኩቶዊናንጉን ላይ አባቴ በነፃ ይበይድላችኋል» ብያለሁ። አፌ ቀደመኝ።

ልጅዎ ወኒንግ


ኩቶዊናንጉን
ማርች 24 ቀን 2009

ይድረስ ለልጄ ለወኒንግ፣

ደብዳቤሽም፣ ከኋላው የላክሽው ካርድም ደርሰውኛል። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ወገብ ሲዘንብ ይብስበታል፣ ሲያባራ ይሻለዋል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደግሞ ሳያባራ ሰነበተ።

ሳቁ አልሽ። ይሳቁ። ንጹህ ነገር ሲያዩ መሳቅ የዘመኑ በሽታ ነው።

ካርድሽ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ግን አልገባችኝም። የሞተሩን ሆድ በምን እንዳጠብኩት ማወቅ ምን ያደርግልሻል? ካልሽ አይቀር፣ መጀመሪያ በላምባ፣ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ ነው። ሆዱ ሥር እንደ ድንጋይ የደረቀ ሳሙና ከነቆሻሻው ተለጥፎ አገኘሁና በካቻቢቴ ፈንቅዬ ጣልኩት። ሞተር ላይ ሳሙና የሚለጥፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወንድምሽ እንደሆነ እጁን እንኳ በሳሙና ታጥቦ አያውቅም ነበር።

ያልሻቸው ሰዎች መምጣት ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነው መጡ፤ ፀጉራቸው ከቬስፓቸው የባሰ። አንደኛው ጮክ ብሎ፣ «አባት፣ የጊያንቶ ቤት ይሄ ነው?» አለኝ።

«ጊያንቶ የለም» አልኩት።

«እናውቃለን፣ አላህ ይማረው። በነፃ የሚበይድ ሰው አለ ተብለን ነው።»

ምን ልበል? በየድኩ። እናትሽ ትልቁን ድስት ከመደርደሪያ ካወረደች ቆይታ ነበር፤ አወረደችው። ሩዝና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ተምፔ አቀረበችላቸው። ሲበሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አየቻቸው፤ እኔም እሷን አየሁ። ሰው ስትመግብ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ! ስለዚህ ስለ አፍሽ አልቆጣም፤ በነፃ የምትለዋን ቃል ግን ብትቀንሻት ደስ ይለኛል።

እሷ አሁንም ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። የቬስፓ ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ቀና ታደርግና መልሳ ዝቅ ታደርጋለች። «የልጄን ሞተር ከሺህ መሀል እለየዋለሁ፤ ሦስቴ ያስልና አንዴ ዝም ይላል» ትለኛለች። እኔ እንኳ ያን ድምፅ በቅጡ ሰምቼው አላውቅም። ከልጇ ለእሷ የቀረላት ይኸው ብቻ ነው፣ ወኒንግ። ይዘሽላት ነይ የምልሽ ለዚህ ነው።

አባትሽ ካሲራን


ቡኪቲንጊ
ኤፕሪል 19 ቀን 2009

አባባ፣

በኋላ በላኩልኝ ደብዳቤ ስለ ሞተሩ ምንም አልጻፍሽም ብለው መቆጣትዎን ከፊደልዎ አወቅኩ፤ ሲቆጡ ፊደልዎ ይተልቃል። ያልጻፍኩት የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ነው። ቬስፓው ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ። አሁን ዝናብ ስለሆነ ያስማን የሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ቀን አርፋለሁ።

ይህን ሰው ያገኘሁት ቡንጎ የሚባል ከተማ ካለፍኩ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ነው። ለምን ቆምሽ አይበሉኝ፣ ቆምኩ። እዚህ ቡትቶ ቆሞ እያየ የሚያልፍ ቡትቶ የለም፤ ወደ ሠርጉ የሚሄድ ሙሽራ እንኳ ይወርዳል። ያስማን ሲያወራ ቢሰሙት ይወዱታል። አገጩ ድረስ ጢም አለው፣ ሆዱ ደግሞ ከጢሙ ይቀድማል። ወርዶ ከሥር ተንጋለለና ፉጨቱን ለቀቀው።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«አባትሽን አየሁ» አለኝ።

አረንጓዴ ቀለሙን ማለቱ ነው።

የእኛን ሰዎች ሕግ ጠይቀውኛል። ሕግ እንኳ አይደለም፤ ልማድ ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያስፈልገው ነገር አንተ ያለሱ መሄድ የምትችለው ከሆነ ፈትተህ ትሰጠዋለህ። የሰጠኸውን አትጠይቅም፣ ተቀባዩም ዕዳ አለብኝ አይልም። ከዓመታት በኋላ የአንተን ቸርኬ ሌላ ሰው ቡትቶ ላይ ብታየው የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅህን ትጭንበትና «ደህና ነህ?» ትለዋለህ። እማማ ይህን ስትሰማ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ትሳቅ። ያስማን በጥላ ማቆሚያ ከተሠራ መሪ ጋር እንደ ታላቅ ወንድሙ ሲያወራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ብርድ አለ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ለሰደቃው እደርሳለሁ። ስለ ሌላው ነገር አይጨነቁ፣ አደራ።

ወኒንግ


ኩቶዊናንጉን
ሜይ 11 ቀን 2009

ልጄ፣

እናትሽ ሳቀች። የመሪውን ነገር ሁለቴ አስነበበችኝ።

እዚህ ደህና ነው። እንግዶችሽ ቤቱ እየጠፋባቸው የጎረቤታችንን የሐጂ ሙስሊህን ግቢ ሲያንኳኩ፣ ሐጂም «ካሲራን፣ ጋራዥ ከፈትክ ወይስ የእብዶች ማረፊያ?» እያሉ ሲያላግጡብኝ ጊዜ፣ ከቬስፓው የተረፈችውን አረንጓዴ ቀለም የግቢዬን በር ቀባሁበት። አሁን አረንጓዴ በር ነው የሚሉት። አይጠፋቸውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥያቄ አይደለም፣ ወሬ ነው። ሐሙስ ዕለት ዳርማን የሚባል ከሱማትራ፣ ከላሃት የመጣ ቀጭን ሰው ፓራፋንጎው፣ የጭቃ መከላከያው፣ ተሰብሮበት ገባ። ቬስፓው እንደ አልጋ የረዘመ ነው። እኔ ከብረቱ ጋር ስታገል እናትሽ ሻይ ይዛ ወጣች፤ ወጥታም ቆማ ቀረች። ሻዩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። የምታየው የፊት መብራቱን ነው። መብራቱ የተገጠመው ጎኑ የገባ የሩዝ መቀቀያ ድስት ውስጥ ነው።

«ይህን ድስት ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«አንዲት እህት ሰጠችኝ፣ እማማ። ዶፍ እየዘነበ መብራቴ ሞተብኝ። እኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምነዳው ብላ ፈትታ ሰጠችኝ።»

«ድስቱ የኔ ነው። ልጄ ሰርቆኝ ነው» አለች እናትሽ።

ሰውዬው ክው አለ። «ልፍታልዎት?»

«ፈትተህልኝ ምን ልቀቅልበት? መሀሉ ተበስቷል እኮ!»

ከዚያ መዳፏን ጎኑ በገባበት ቦታ ላይ ጭና፣ ቀስ ብላ፣ «ደህና ነህ?» አለችው። ለድስቱ። እኔ ካቻቢቴ የጠፋኝ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ድስቱን በመስጠትሽ አልተከፋንም። ድስት ድስት ነው፤ ሞተር ግን ድስት አይደለም። ይህን ጨምሬ የጻፍኩት እንዲሁ ነው።

አባትሽ


ሳባንግ
ጁን 2 ቀን 2009

አባባ፣

ይኸው ደረስኩ። መንገዱ እዚህ ያልቃል፤ ከዚህ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው። ጊያንቶ እዚህ ቢደርስ ምን ያደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሳስበው፣ ሲጋራ ለኩሶ «ይሄ ነው እንዴ?» ይል ነበር። ስለዚህ እኔም «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬለት ቁጭ አልኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አሁን ቀሎኛል።

ሜዳን ከተማ ላይ የደረሰኝ ሁለተኛው ደብዳቤዎ ሞተሩን የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ፊደሉም ትልቅ አልነበረም፣ ትንሽ ነበር። ትንሹ ይበልጥ ያስፈራል። ስለዚህ እውነቱን እነግርዎታለሁ። ሞተሩ ከእኔ ጋር አይደለም። ሆዱ ላይ አሮጌ ስንጥቅ ነበረበት፤ ራሱ በራሱ ከፋና የማርሽ ዘይቱ ሳላውቀው ፈስሶ አለቀ፣ ቡንጎን እንዳለፍኩ ማርሹን በላው። የማንም ጥፋት አይደለም። ያስማን የራሱን ሞተር አውጥቶ ገጠመልኝና፣ «ሄደሽ ነይ፣ የወንድምሽን አስበይጄ አቆይልሻለሁ» አለኝ። እዚህ ያደረሰኝ የእሱ ሞተር ነው። ይጮኻል እንጂ አያስልም።

ስመለስ ቡኪቲንጊ ላይ እቀይራለሁ፤ ለሰደቃው በጊያንቶ ሞተር እየነዳሁ በአረንጓዴው በር እገባለሁ። እስከዚያ ይህን ለእማማ አያንብቡላት። ባሕሩ ሰማያዊ ነው ትላለች ይበሏት።

ወኒንግ


ቡኪቲንጊ
ጁን 27 ቀን 2009

አባባ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሞተሩ የለም።

ያስማን አሠርቶት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። እኔ ከመድረሴ በፊት አፍሪዛል የሚባል ሰው ከሚስቱ ከኑርሊስ ጋር መጣ። ሞተራቸው ተቃጥሏል፤ እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጃቫ ውስጥ ክላተን ካለችው እናቷ ቤት ለመውለድ ነው የሚሄዱት። ያስማን ሰጣቸው።

ጮህኩበት፣ አባባ። ሰው ፊት ጮህኩበት። እሱ ጢሙን እያሻሸ ቆመና፣ «ሆዷ የገፋ ሴት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ፣ የተሠራ ሞተር መደርደሪያዬ ላይ ቁጭ ብሎ ምን ልበላት? ባለቤት አለው ልበላት?» አለኝ።

«ባለቤቱማ ሞቷል» አልኩት።

«እኮ» አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኔ ራሴ በሌላ ሰው ሞተር ሳባንግ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ የሰጡኝን ተቀብዬ የሰጠሁትን ልጠይቅ አልችልም። በመንገድ ሳገኛቸው «ደህና ነህ?» ከማለት በቀር መብት የለኝም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

ለሰደቃው አልመጣም። አውቃለሁ፣ ነውር ነው። ግን እማማ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔ በማያስል ሞተር እየጮኽኩ ስገባ አንገቷን ቀና አድርጋ መልሳ ዝቅ ስታደርግ ማየት አልችልም። ያን ከማይ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል። ያስማን ጋራዥ ውስጥ ሥራ አለ። አይርገሙኝ። ለጊያንቶ ዱዓ ስታደርጉ ስሜን አብራችሁ ጥሩት።

ወኒንግ


ኩቶዊናንጉን
ጁላይ 23 ቀን 2009

ልጄ ወኒንግ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሳልመልስልሽ ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ከዚያ በኋላ በላክሻቸው በሁለቱም ካርዶች «እማማ ምን አለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። የምነግርሽ ስላልነበረኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ስላለኝ ቁጭ ብዬ በደንብ እጽፋለሁ።

ሰደቃው በሰላም አለፈ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ከእንግዶችሽም ስድስት መጥተው በር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ፣ ሐጂ ሙስሊህ ራሳቸው ሩዝ አደሏቸው። ስምሽን ጠርተናል። ሞተሩ ለሰው መሰጠቱን ለእናትሽ ነገርኳት፤ ምንም አላለች። በማግስቱ በረንዳ ላይ አልተቀመጠችም። ያ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

ማክሰኞ ዕለት በሩ ላይ ብረት እየቆረጥኩ ነበር። አንድ ጎኑ ላይ የቀርከሃ አልጋ የተቀጠለ ቬስፓ ቆመ፤ አልጋው ላይ ሆዷን የያዘች ሴት ተቀምጣለች። እኔ እንደምታውቂው አልሰማሁም። የሰማችው ጓሮ ቃሪያ ስትፈጭ የነበረችው እናትሽ ናት። ሻሿ ወደ ኋላ ወርዶ፣ እጇን ሳትታጠብ፣ በአጠገቤ አልፋ በር ላይ ቆመች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «እሱ ነው» ነው ያለችው።

ተንበርክኬ የሞተሩን ሆድ አየሁ። የበየደው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሙያው ግን የሚያኮራ አይደለም፤ ብየዳው እንደ አባጨጓሬ ተጋድሟል። የተጋደመበትን ቦታ ግን አወቅኩት። ያን የደረቀ ሳሙና በካቻቢቴ የፈነቀልኩበት ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ለካ ልጄ ሳሙናውን የለጠፈው ዘይቱን ሊይዝበት ኖሯል። ለካ አንቺም «በምን አጠቡት?» ብለሽ ካርድ የላክሽው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ «ራሱ በራሱ ከፋ፣ የማንም ጥፋት አይደለም» እያልሽ የከረምሽው አባትሽን ለመሸፈን ነው። እዚያው እንደተንበረከክሁ አፈርኩ፤ ደግሞም እንዳንቺ ያለች ልጅ ስላለኝ ኮራሁ።

ነጂው አፍሪዛል፣ ያስማን ስለ ጆሮዬ ነግሮት ይሁን አላውቅም፣ ጮክ ብሎ፣ «አባት፣ የማን እንደሆነ ያስማን ነግሮናል፤ በአረንጓዴው በር ሳታልፉ እንዳትሄዱ ብሎናል። ለእናንተ ሲሆን ልማዱ ይቅር። እናውርደውና እኛ በአውቶቡስ እንሂድ» አለ። አልዋሽሽም፣ የብሎን መፍቻ ቁልፉን አንስቼ ነበር። የመጀመሪያውን ዳዶ ጨብጫለሁ።

እናትሽ እጄን ያዘችኝ። «ምን ልትሆን ነው?»

«ይኸው መጣልሽ እኮ! ስትጠብቂው የከረምሽው።»

«እኔ የጠበቅኩት ድምፁን ነው። ሰማሁት። አንተ ይቺን ልጅ በዚህ ሆዷ በአውቶቡስ ልታስንጣት ነው?»

ቁልፉን አስቀመጥኩ። አፍሪዛልን አስነሣው አልኩትና መዳፌን ሞተሩ ላይ አደረግኩ። ሦስቴ አስሎ አንዴ ዝም አለ። ደግሞ ሦስቴ፣ ደግሞ ዝም። ልጄ በሕይወት ሳለ ያን ሁሉ ዓመት ጓሮዬ ሲጮህ ያልሰማሁትን በመዳፌ ሰማሁት። «ደህና ነህ?» አልኩት። እናትሽና ሁለቱ እንግዶች ፊቴን እንዳያዩ ወደ መንገዱ ዞሩ።

ብየዳው ጫፉ ላይ ዘይት ያንጠባጥባል። እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ አሉሚኒየም አልበይድም። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ከእናትሽ የልብስ ሳሙና ቆርሼ፣ በመዳፌ አሽቼ ለጠፍኩበት። ያዘ። ከላዩም የመንገድ ጭቃ አለበስኩት።

ምሳ በልተው ሄዱ። እናትሽ ድልድዩ ጋ እስኪታጠፉ ድረስ በር ላይ ቆማ አዳመጠች። ስትመለስ የተናገረችውን ነው ስትጠይቂኝ የከረምሽው፤ ይኸው፦ «ሞተሩስ መጥቶ ሄደ፤ ልጅቱ ናት የቀረችብኝ» አለች። ዛሬ ከሰዓት እንደገና በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አሁን የምትጠብቀው የሚጮኸውን ነው።

ነይ፣ ወኒንግ። በያስማን ሞተር ነይ። ጭቃሽን ይዘሽ፣ ዝገትሽን ይዘሽ፣ እንደመጣሽ በአረንጓዴው በር ግቢ። አላጥበውም።

አባትሽ ካሲራን